አርባ ሰባት ደቂቃ በአራተኛው ጠረጴዛ

ሰው በቁሙ ይተኛል ቢሏት ድሮ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ራሷ በቁሟ መተኛት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሰርቪስ ውስጥ የጣሪያውን ብረት ጨብጣ ትተኛለች። ቢሮዋ ውስጥ ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ትተኛለች። አንድ ቀን እንዲያውም ገና ከማድረቂያ የወጣ የፎጣ ክምር ላይ ክንዴን ላፍታ ላሳርፍ ብላ ጭልጥ አለችና፣ መተኮሻው ጋ ያሉት ሴቶች ሌላ ፎጣ ደርበውባት፣ በላዩ ላይ "አይነካም" የሚል ወረቀት ለጥፈውባት ነው የነቃችው። አልተቆጣችም። መቆጣትም እኮ አቅም ይጠይቃል።

የምትሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው። አንድ ሰውና አንድ ካውያ ያለበት የሰፈር ላውንደሪ እንዳይመስላችሁ። የአምስት ሆቴልና የሁለት ሆስፒታል አንሶላ፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስና ጋውን የሚታጠብበት፣ እንፋሎቱ ገና ከበሩ ፊት የሚገርፍ ሰፊ አዳራሽ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቷ አንሶላ አጣፊ ሆና ገባች፤ ከዚያ መተኮሻ፣ ከዚያ ማጠቢያ፣ ከዚያ የፈረቃ ኃላፊ እያለች ወጣች። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸው ላይ የተቀመጠችውም እሷ ናት። ደብዳቤው "በተጠባባቂነት" ይላል። ለሦስት ወር የተባለው ተጠባባቂነት እንደ ዋዛ ሁለት ዓመት አለፈውና ሠራተኛው ስሟን እርግፍ አድርጎ ትቶ "ተጠባባቂ" ይላት ጀመር። "ተጠባባቂ፣ ሦስተኛው ማሽን ውኃ ያፈሳል!" "ተጠባባቂ፣ ሳሙና አልቋል!" እሷም "መጣሁ" ትላለች። ምን ታድርግ።

ወንበሩ የራሷ እንዳይሆን የከለከላት አንድ ወረቀት ነው። ባለድርጅቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ አዲስ ነገር የሰማ ቀን መቀመጫ የሚያጣ ዓይነት ሰው እንጂ። ገና በተጠባባቂነቷ መጀመሪያ ቢሮው አስጠራትና፣ "ሥራውን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሱን አልክድም" አላት። "ግን የሆቴሎቹ ሰዎች ፊት ስቀመጥ ሥራ አስኪያጄ ማስተርስ አላት ብዬ አፌን ሞልቼ ማውራት እፈልጋለሁ። ወረቀቱን ይዘሽ ነይ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው። ትምህርቱ የሚፈጀውን ሁለት ዓመት እጠብቃለሁ። ከዚያ ካለፈ ግን ከውጭ እቀጥራለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።"

በዚህ ዓይነት በአርባ አንድ ዓመቷ የኤክስኪዩቲቭ ኤም.ቢ.ኤ ተማሪ ሆነች። ስሙ ሲጠራ ሱፍ ለብሶ የመጣ ሰው ይመስላል። የሥራ ኃላፊዎች ከሥራቸው ሳይለቁ የሚማሩት የቢዝነስ ማስተርስ ነው ብለው ነገሯት። "ከሥራቸው ሳይለቁ" የምትለዋ ትንሽ ሐረግ ምን ያህል እንደምትከብድ ግን የነገራት የለም። የክፍል ጓደኞቿ ጠረጴዛ ላይ የመኪና ቁልፍ ሲያስቀምጡ እሷ የሳሙና መጋዘን ቁልፍ ታስቀምጣለች። እነሱ ስለ ስትራቴጂ ሲከራከሩ እሷ ውኃ ስለሚያፈላው ቦይለር ትጨነቃለች። መጽሐፉን የምታነበው ሰርቪስ ውስጥ፣ ማሽን አጥቦ እስኪጨርስ፣ አንዳንዴም የልጇ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ነበር፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብባ አሁንም ከላይ ትጀምራለች። ቤት ስትገባ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጇ ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፈችው ወረቀት ይቀበላታል። "እማዬ የምትገኝባቸው ሰዓቶች" ይላል። ቀለም የተቀባው እሑድ ከሰዓት ብቻ ነው። ባሏ፣ "የሐኪም ቀጠሮ አስመሰለችሽ እኮ" ብሎ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀችና መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

ባለድርጅቱ የፈቀደላት አርብ ከሰዓትን ብቻ ነበር። "ቅዳሜን እንዳትነኪብኝ፤ ቅዳሜ አራት መኪና ነው የሚጫነው" ብሏታል። የመጀመሪያው ሴሚስተር በዚሁ አለፈ። በሁለተኛው ግን ዩኒቨርሲቲው ፕሮግራም ቀየረና ቅዳሜን ከረፋዱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ጨመረበት። ለባለድርጅቱ ብትነግረው መልሱን ታውቀዋለች። ዩኒቨርሲቲውን ብትለምን "እንግዲያው በሚቀጥለው ዓመት ይምጡ" ይሏታል። ሁለቱም ጋ ሳትሄድ ቀረችና አራተኛው ጠረጴዛ ጋ ሄደች።

አራተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩት ሴትዮ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ካልቆጠሩ ስለማይረኩ "እትዬ ሁለቴ" ይባላሉ። የሚታጠበውን ልብስ መጀመሪያ ሾፌሩ ቆጥሮ ያመጣዋል፤ ማሽን ከመግባቱ በፊት ደግሞ እሳቸው እንደገና ይቆጥሩታል። ሲቆጥሩ እያንዳንዱን አንሶላ ከጫፉ ይዘው ያራግፋሉ፣ የእያንዳንዱን ጋውን ኪስ ይዳብሳሉ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልተገኘ ነገር የለም፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገኝቷል፣ መነጽር ተገኝቷል፣ የጋብቻ ቀለበት ተገኝቷል፤ መርፌማ ስንቴ! ተጠባባቂዋ ገና አዲስ ሳለች አንድ የጋውን እሽግ ልታቅፍ እጇን ስትዘረጋ፣ እትዬ እጇን ጥፊ አልሰው መለሷት። ከእሽጉ መሀል ክዳን የሌለው ሲሪንጅ መዘው አሳዩአትና፣ "መጀመሪያ አራግፊ፣ ከዚያ እቀፊ" አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሥራ እናቷ ናቸው።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።"

"ተናገሪ። ፊትሽ እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ እያስቸገረኝ ነው።"

ነገረቻቸው። ቅዳሜ ጠዋት የእሷ ሥራ መኪኖቹ ሲጫኑ በሩ ላይ ቆሞ ንጹሑን ልብስ እየቆጠሩ ማስረከብ ነው። ፊርማውን ከሰዓት ተመልሳ ትፈርማለች፤ የቸገራት ቆሞ የሚቆጥርላት ሰው ነው።

"ይኸው ነው?" አሉ እትዬ። "ሂጂ። እኔ እቆጥርልሻለሁ። መቁጠር እንደሆነ ሱሴ ነው።"

"የእርስዎስ ጠረጴዛ?"

"ጠረጴዛው እግር አውጥቶ አይሄድ! ሂጂ አልኩሽ፣ ይረፍድብሻል።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሯን በትራስ ልብስ ጠቅልላ በቦይለሩ በኩል ባለው የኋላ በር ትወጣለች፤ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ በዚያው በር ትመለሳለች። ሾፌሮቹ ያውቃሉ። መተኮሻው ጋ ያሉት ሴቶች ያውቃሉ። ከባለድርጅቱ በቀር የማያውቅ አልነበረም። እትዬም ስትመለስ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ይሏታል፤ እሷም የያዘችውን ትነግራቸዋለች፤ እሳቸውም "እሱንማ እኛም እናውቀው ነበር፣ ስሙን ነው ያላወቅነው" ይላሉ።

የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ መጣ። "በራሳችሁ መሥሪያ ቤት አንድ ችግር ፈልጉና መፍትሔ አምጡ" ተባሉ። ተጠባባቂዋ ልብሱ ከመኪና ወርዶ፣ ታጥቦና ተተኩሶ እስኪወጣ ድረስ የት የት ቆሞ እንደሚጠብቅ በደቂቃ ልትለካ ተነሳች። አዳራሹን ከጣቢያ አንድ እስከ ጣቢያ ዘጠኝ ከፈለችው። የሰው ስም መጻፍ ክልክል ስለሆነ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ልኬቱን ራሷ ልትሠራው ነበር ሐሳቧ። ጊዜ ከየት ይምጣ? ቅጹን ለቢሮው ስልክ ተቀባይ ሰጠቻት፤ ስልክ ተቀባይዋም ስልኩ ፋታ በሰጣት ቁጥር እየዞረች ለክታ ስምንት ገጽ ሞልታ አመጣችላት።

ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገባ ዓይኗ እየተከደነ ነበር። ውጤቱ ግን ፍንትው ብሎ ወጣ፤ ልብሱ ሌላ ጣቢያ ላይ አምስት አሥር ደቂቃ ሲጠብቅ ጣቢያ አራት ላይ በአማካይ አርባ ሰባት ደቂቃ ይጠብቃል። መጽሐፉ እንዲህ ያለውን "ዋጋ የማይጨምር ደረጃ" ይለዋል። እሷም፣ "የሾፌሩ ቆጠራ በቂ ስለሆነ ጣቢያ አራት ቢቀር" ብላ ጻፈች። ጣቢያ አራት ማን እንደሆነ አጥታው ነው ወይ ትሉ ይሆናል። አላጣችውም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈችውን ሁሉ መምህር አንብቦት፣ ማርክ ሰጥቶት፣ እዚያው ሲቀር ነው ያየችው። ይሄም ወረቀት ላይ ተጽፎ ወረቀት ላይ የሚቀር መሰላት። ደግሞም ደክሟት ነበር። ለደከመው ሰው ጣቢያ አራት ጣቢያ አራት ብቻ ነው።

ጽሑፉ በፈታኞች ፊት የሚቀርበው ቅዳሜ ሆነ። አሠሪም ስለሚጋበዝ አንድ ቅጂ ለባለድርጅቱ ደርሶት ነበር። ረቡዕ ጠዋት አስጠራትና ገና ከበሩ፣ "ወርቅ ነሽ!" አላት። ገጹን በቀይ አስምሮበታል። "አርባ ሰባት ደቂቃ! ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይኔ ሥር! ከወሩ መጀመሪያ ጣቢያ አራት ይዘጋል።"

"እትዬ እኮ ናቸው..." አለች።

"አውቃለሁ። ጡረታቸውም ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ በክብር እንሸኛቸዋለን። ቅዳሜ መጥቼ አዳምጥሻለሁ። ያው ቅዳሜ ነው እንግዲህ፣ ይህችን ቅዳሜ ብቻ ፈቅጄልሻለሁ" ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ለምን እንደሳቀች እስከ ዛሬ አታውቀውም።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ ስልክ ተቀባይዋ የሞላችውን ስምንት ገጽ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። አንድ ስህተት ትፈልግ ነበር፤ የመደመር ስህተት፣ የመጻፍ ስህተት፣ ምንም ይሁን። ደቂቃዎቹ ልክ ናቸው። ዓይኗ ወደ ቀኖቹ ሄደ። ቅዳሜ። ቅዳሜ። ቀጥሎም ቅዳሜ። የቢሮው ስልክ ፋታ የሚሰጠው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ መሆኑን ያኔ አስታወሰችው። ማንኪያውን አስቀመጠች።

ወደ አዳራሹ ወርዳ የከረጢት ክምር ሥር ቆመች፤ የስልኳን ሰዓት ከፍታ አራተኛውን ጠረጴዛ ታየው ጀመር። ክምሩ መጣ፣ እትዬ አራገፉ፣ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ ወደ ማሽን ላኩ። ዘጠኝ ደቂቃ። ሌላ ክምር መጣ። ዘጠኝ ደቂቃ። ሦስተኛው ስምንት ደቂቃ ነበር።

"እዚያ ተገትረሽ ምን ታፈጪብኛለሽ?" አሉ እትዬ ሳይዞሩ።

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ያንን ከረጢት አቀብይኝ።"

አቀበለቻቸው። ሌላው ቀን ሁሉ ዘጠኝ ደቂቃ የሚፈጀው ነገር ቅዳሜ አርባ ሰባት የሚሆነው፣ እትዬ ጠረጴዛቸውን ጥለው በር ላይ የእሷን ልብስ ስለሚቆጥሩ ነው። ሠላሳ ስምንቱ ደቂቃ የእሷ ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስለ ባከነ ጊዜ ስትማር እትዬ ላይ የተጻፈው ጊዜ።

አርብ ማታ በእራት ላይ ለባሏ ነገረችው። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማትና፣ "ብትናገሪ ምን ይመጣል?" አላት።

"ጽሑፉ ይጣላል። እንደገና ለክተሽ በሚቀጥለው ዙር አምጪ ይሉኛል፤ ስድስት ወር። ወንበሩም ይሄዳል። ባለድርጅቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ስጠፋ መክረሜን ይሰማል።"

"ሌላ ስድስት ወር ትችያለሽ?"

"አልችልም።" እውነቷን ነበር። እንኳን ስድስት ወር ስድስት ቀን የምትችልም አትመስልም።

"ወንበሩ ላይ ከተቀመጥሽ በኋላስ ሌላ ቦታ ብትፈልጊላቸው?"

ይህንን እሷም ከረቡዕ ጀምሮ ለራሷ ስትነግረው ነበር። አምናው ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ግን ሹካዋን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ልጇ መጥታ ሹካውን ከእጇ አወጣችው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የተፈቀደላት ቀን ቢሆንም፣ እግሯ በለመደው የኋላ በር ሊወስዳት ሲል እትዬ ከመጫኛው በር ላይ ሆነው ጠሯት። አንዱ መኪና ገና ከመቆሙ ወረቀታቸውን ይዘው ደርሰዋል። የሸሚዟን ኮሌታ አስተካከሉላት። "እንዳታፍሪ። እዚያ ካሉት ሁሉ አንሶላን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። በይ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል" አሏት።

ክፍሉ ትንሽ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ፈታኞች፣ በየፊታቸው የታሸገ ውኃ፣ ግድግዳው ላይ የሷ ሰንጠረዥ። ባለድርጅቱ ከረባት አስሮ የፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገረች፤ በደንብ ተናገረች፤ አንዴም አልተደናቀፈች። ባለድርጅቱ አርባ ሰባት ደቂቃው ጋ ስትደርስ ወደ ፈታኞቹ ዞሮ አያችሁልኝ ወይ በሚል ዓይን ፈገግ አለ።

መነጽር ያደረጉት ፈታኝ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ጥሩ ሥራ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ላጣራ። በነዚህ አርባ ሰባት ደቂቃዎች ውስጥ ጣቢያ አራት ላይ ያለው ሠራተኛ ምን ያደርጋል?"

ቀላል ጥያቄ ነበር። "ተራ ይጠብቃል" ማለት ይበቃል። ከዚያ እንኳን ደስ አለዎት፣ ከዚያ ወንበሩ፣ ከዚያ እንቅልፍ። እንቅልፉ ከሁሉም በላይ አጓጓት። ኮሌታዋን ነካ አደረገች።

"የኔን ሥራ ይሠራሉ" አለች።

ፈታኟ ቀና አሉ። "አልገባኝም።"

"ልኬቱ በሙሉ የቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እዚህ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የኔን ቆጠራ የሚቆጥሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ ልብሱ የሚቆመው ለዚያ ነው። በሌላ ቀን ዘጠኝ ደቂቃ ነው የሚፈጅባቸው። ሐሙስ ዕለት ራሴ ለክቼዋለሁ። ጣቢያ አራት ምንም አላባከነም። ያባከንኩት እኔ ነኝ።"

ባለድርጅቱ እግሩን አወረደ።

ወደ ውጭ አስወጧት፣ መልሰውም አስገቧት። ልኬቱ በሥራ ቀናት እንደገና ተሠርቶ በሚቀጥለው ዙር ይቅረብ ተባለ። "ስህተቱን ራስዎ ማግኘትዎ ግን ያስመሰግናል" አሏት መነጽር ያደረጉት። አመሰገነች። ምስጋናውን የት እንደምታስቀምጠው ግን አላወቀችም።

ኮሪደሩ ላይ ባለድርጅቱ ከረባቱን እያላላ ጠበቃት። "ስንት ቅዳሜ ነው?" አላት።

"ሰባ ያህል።"

ከረባቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ። "ሰባ ቅዳሜ አንድ አንሶላ ጎድሎ አያውቅም" አለ ለራሱ የሚያወራ ያህል። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "ጠረጴዛው ይቆያል። ሌላው ግን እንደተነጋገርነው ነው፤ ስድስት ወር አልጠብቅም። አዲሱ ሰው ሲመጣ ሥራውን ታሳዪዋለሽ።" ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም፤ ክፋቱ እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት አራተኛው ጠረጴዛ ጋ ሄዳ፣ እትዬ የሆስፒታሉን አንሶላ እያራገፉ ሳለ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጠረጴዛው ሊዘጋ እንደነበረ፣ ማን ጽፎት እንደነበረ፣ ምን ብላ እንደተናገረችና ምን እንዳጣች። እትዬ አላቋረጧትም፤ መቁጠራቸውንም አላቋረጡ። ስትጨርስ ግን ቱግ አሉ።

"ማን ተናገሪ አለሽ? ከደጃፉ ደርሰሽ! ሁለት ዓመት ለፍተሽ!"

"እንዴት ዝም ልበል እትዬ፤ በእርስዎ ላይ እኮ ነው የጻፍኩት።"

"እሱን አውቃለሁ" አሉ።

ተጠባባቂዋ ያልሰማች መሰላት። "ምኑን?"

"ያቺ የስልኳ ልጅ ወረቀቷን ይዛ የመጣች ቀን፣ 'እትዬ፣ ልብሱ የቆመው በምን ምክንያት ነው ልበል?' ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ በር ላይ ያንቺን ልቆጥር እየሮጥኩ ነው። 'ምክንያት አትጻፊ፣ ያየሽውን ደቂቃ ብቻ ጻፊ' አልኳት። በየሳምንቱም መጣች፤ በየሳምንቱ ጻፈች። አርባ አምስት፣ አርባ ስምንት፣ ሃምሳ። እኔ እኮ ቁጥር አውቃለሁ፤ ሲጠራቀም ማን ላይ እንደሚወድቅ አላጣሁትም።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

እትዬ አንሶላውን ከጫፉ ይዘው አንዴ አራገፉት። ፊታቸውን ወደ እሷ አላዞሩም።

"ብነግርሽ ከትምህርቱ ትቀሪ ነበራ" አሉ።

ተጠባባቂዋ ዓይኗን ወደ ክምሩ መለሰች፤ ክምሩም ብዥ አለባት። እትዬ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆዩና እጃቸው ቆመ። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ቆጠራ ሲጠፋባቸው ያየ ሰው አልነበረም።

"ይኸው አሳሳትሽኝ" አሉ። "ያንን ጫፍ ያዢ። ከመጀመሪያው ነው የምንቆጥረው።"